በእንግሊዝኛ ጾመን በቻይንኛ ገደፍን!

አዲስ አበባ ውስጥ ሥጋ ሊገዛ የወጣ ሰው ፊደል ባይቆጥርም አይሳሳትም። ሥጋ ቤቱ በር ላይ ወይ መስቀል ተስሏል፣ ወይ ጨረቃና ኮከብ ተስሏል። ክርስቲያኑ መስቀሉን አይቶ ይገባል፣ ሙስሊሙ ጨረቃዋን አይቶ ይገባል፤ አለቀ። ባለ ሥጋ ቤቱ «ሥጋ ሥጋ ነው፣ ምን ታካብዳላችሁ» አይልም። ደፍሮ ቢል በማግስቱ ደጁን የሚረግጥ ደንበኛ አያገኝም። ሠፈር ውስጥ በቆርቆሮ ተከልላ ለቀን ሠራተኛ ሽሮ የምታቀርብ ሴትዮ እንኳ ረቡዕና ዓርብ «በቅቤ ነው በዘይት?» ሳትል ሳህን አታስቀምጥም። ይህች ሴትዮ የሆቴል ማኔጅመንት ኮርስ አልወሰደችም። «ደንበኛ ንጉሥ ነው» የሚል ጥቅስም ግድግዳዋ ላይ አልሰቀለችም። ነገር ግን የሰው አፍ ውስጥ የሚገባው ነገር ምን እንደሆነ ለባለ አፉ መነገር እንዳለበት ታውቃለች።

እስቲ እንግዲህ ከቆርቆሮዋ ቤት ወጥተን ወደ ቦሌ እንሻገር። ቀይ ፋኖስ ወደተንጠለጠለበት፣ በሩ ላይ ዓሣ የሚዋኝበት መስታወት ወደቆመበት፣ ዘበኛው ሰላምታ እየሰጠ በር ወደሚከፍትበት ቤት። እዚያ ሲደረስ የሠፈሯ ሴትዮ ደንብ የት ይገባል? ፎቁ ከፍ ባለ ቁጥር፣ ዋጋውም ከፍ ባለ ቁጥር፣ የምንበላውን የማወቅ መብታችን ዝቅ እያለ የሚሄደው ለምንድን ነው? የዛሬው ጽሑፌ ጉዳይ ይኸው ነው።

የቻይና ምግብ ቤት በዚህ ከተማ ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ቻይናዎቹ ቀለበት መንገዱን ሲሠሩ አየናቸው። የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ ገንብተው ጥር 2004 ዓ.ም. ተመረቀ። መስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ የከተማው ባቡር መንቀሳቀስ ጀመረ። መሐንዲሱና ፎርማኑ ባለበት ወጥ ቤቱ መከተሉ አይቀርም፤ ጣሊያንም ተሸንፎ ሲወጣ ፓስታውን ትቶልን ነው የሄደው። መጀመሪያ እነዚህ ቤቶች ለራሳቸው ሰው ነበር የሚያበስሉት። ቆይቶ እኛም ገባን። ምርቃት ሲኖር፣ እጮኛ ሲጋበዝ፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ «ለየት ያለ ቦታ» ሲል፣ «ለምን ቻይና አንበላም?» ማለት ተለመደ። ደግሞም ምን ነውር አለው? ሰው ሁልጊዜ ሽሮ ይብላ የሚል ሕግ የለም።

በቅርቡ የአክስቴ ልጅ ተመረቀችና እኔ ጋባዥ ሆንኩ። አክስቴ ለምርቃቱ ከደብረ ብርሃን መጥተዋል። ተመራቂዋ አብራት የተማረችውን አንዲት ሙስሊም ጓደኛዋን ጨምራ አራት ሆንን። ቤቱን የመረጠችው ተመራቂዋ ናት። ቀኑ ረቡዕ ነበር። የምግብ ቤቱን ስም አልጠራም፤ አንዱን ብጠራ ሌሎቹ «እኛ ንጹሕ ነን» ብለው እጃቸውን ይታጠባሉ።

ሜኑው መጣ። የሠርግ አልበም ያክላል! ፎቶ አለው፣ ቁጥር አለው፣ ቻይንኛ አለው፣ እንግሊዝኛ አለው። አማርኛ ግን አንድ ፊደል የለውም። አዲስ አበባ ላይ ተቀምጦ፣ በኢትዮጵያ ብር ተምኖ፣ ለኢትዮጵያዊ ምሳ የሚሸጥ ቤት ከሁለት መቶ በላይ የምግብ ዓይነት ሲዘረዝር የአገሩን ቋንቋ የሚያስገባበት ቦታ አጣ። አክስቴ አልበሙን ገለጡና «ፎቶው ያምራል» ብለው ለልጃቸው አቀበሏት።

ጠየቅን። ይህን አስምሩልኝ፤ ዝም ብለን አላዘዝንም። አስተናጋጇን «የኔ እህት፣ እናታችን ጾመኛ ናቸው። ሥጋም፣ እንቁላልም፣ ወተትም የሌለበት የቱ ነው?» አልናት። እሷም በጨዋ አንደበት ገጽ ገልጣ አሳየችን። «ይኼ ቶፉ ነው፣ ከአኩሪ አተር ነው፣ የጾም ነው። ኑድሉም በአትክልት ነው፣ የጾም ነው። ደበርጃኑም የጾም ነው።» የተመራቂዋ ጓደኛ ደግሞ «አሳማ የሌለበት» አለች። «አሳማ እዚህ ገጽ ላይ የለም» ተባለች። ለእኔ ዶሮ በኦቾሎኒ ታዘዘ (እኔ ረቡዕን እንደ አክስቴ አልጠብቅም፤ ጉዳዩ ስለ እኔ አይደለም)።

ምግቡ ቀረበ። ወይ ምግብ! ሩዙ ከትናንት የተረፈ ይመስል ቀዝቅዞ ተያይዟል። ኑድሉ ካቻፕ ጠጥቶ ቀልቷል፤ የልጆች ልደት ላይ ከሚቀርብ ፓስታ የሚለየው በዋጋው ብቻ ነው። ደበርጃኑ ዘይት ውስጥ ሰጥሞ አንገቱን ብቻ ብቅ አድርጓል። ዶሮው ስኳር ስኳር ይላል። ይህን ሁሉ ይዘን ዞር ስንል አጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ላይ አራት ቻይናዎች ከበው ተቀምጠዋል። መሐላቸው የሚንተከተክ ድስት፣ ትኩስ አረንጓዴ ቅጠል፣ ቀይ በርበሬ የተነሰነሰበት ዓሣ። ሽታው ብቻ ምራቅ ያስውጣል። አስተናጋጇን «ያ ስንት ቁጥር ነው?» አልናት። «እሱ በእነሱ ሜኑ ነው» አለች። ለካ ሜኑው ሁለት ነው! አንዱ ለሚያውቅ፣ አንዱ ለእኛ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ። የሲቿን ምግብ የሚባለው የደቡብ ምዕራብ ቻይና አበሳሰል የሚታወቀው በሚያቃጥል በርበሬው ነው። ያ በርበሬ ደግሞ የቻይና ተወላጅ አይደለም። የእኛም አይደለም። ሁለታችንም ጋ የደረሰው ኮሎምበስ እ.ኤ.አ. በ1492 አሜሪካ ከደረሰ በኋላ፣ ከዚያው ከአሜሪካ ምድር ተነስቶ ነው። አንዱ ዘር በአንድ በኩል ዞሮ ሲቿን ገባና የእነሱን ወጥ አቃጠለ፤ በሌላ በኩል ዞሮ እኛ ጋ ገባና በርበሬያችንና ሚጥሚጣችን ሆነ። እንግዲህ በዓለም ላይ የሲቿንን ወጥ ያለ አስተርጓሚ የሚረዳ ምላስ ካለ የሐበሻ ምላስ ነው። ዶሮ ወጥ የበላን ሰው በበርበሬ ማን ያስፈራዋል? ለዚህ ሕዝብ ነው እንግዲህ «አይችሉትም» ተብሎ ካቻፕ የሚቀርበው። ያስቃል፤ ግን ንቀትም ነው።

ጣዕሙን እንኳ እንለፈው። ምግብ አንዳንድ ቀን ይበላሻል፤ ወጥ ቤት ይሳሳታል፤ ሰው ገንዘቡን ከፍሎ፣ አጉረምርሞ ይወጣል። ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ካቻፑ አይደለም።

ከቀረበው ሁሉ ደህና ጣዕም የነበረው ቶፉው ነበር። አክስቴ ሦስት አራት ማንኪያ ወሰዱና «ይኼስ ጥሩ ነው፣ ወጥ ወጥ ይላል» አሉ። ልጃቸው ሳህኑን አስጠግታ አየች። በነጩ ቶፉ መሐል ደቀቅ ደቀቅ ያለ ቡናማ ነገር አለ። አስተናጋጇን ጠራናት። «ሶያ ነው ጋሼ» አለችኝ። «እስቲ ግቢና ጠይቂልን።» ገባች። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። «ሥጋ አለው አሉ።» «የምን ሥጋ?» ዝም። እንደገና ገባች። በእሷ ፋንታ ከረባት ያሰረ ሥራ አስኪያጅ መጣ። የአገራችን ልጅ ነው። እጁን አጣምሮ፣ በትሕትና ጎንበስ ብሎ፣ «የበሬ ነው መሰለኝ» አለ።

መሰለኝ! ጎበዝ፣ «መሰለኝ» የሚባለው ስለ ዝናብ ነው። ስለ ታክሲ ሰልፍ ነው። ሰው ከዋጠው በኋላ ስለ ሥጋ «መሰለኝ» ይባላል? የበሬ ካልሆነ የምን ሊሆን ነው? እሱም ያውቀዋል፣ እኛም አወቅነው። የተመራቂዋ ጓደኛ ማንኪያዋን አስቀምጣ ሳህኗን ገፋ አደረገች። ከዚያ በኋላ ከሻይ በቀር ምንም አልቀመሰችም። ተመራቂዋ በምርቃቷ ሰሞን አንገቷን ደፍታ ቀረች፤ ቤቱን የመረጠችው እሷ ነበረችና። አክስቴ አልጮኹም። ውሃ ጠይቀው አፋቸውን ተጉመጠመጡ። ከዚያ ቀስ ብለው፣ «እኔ አላወቅሁም ልጄ፤ ያወቀው ይጠየቅበት» አሉ።

እንግዲህ ያወቀው ማነው?

ያ ቶፉ «ማፖ ቶፉ» ይባላል። የተወለደው በሲቿን ዋና ከተማ በቼንግዱ፣ በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው። ታሪኩ ፊቷ ላይ የፈንጣጣ ጠባሳ ካለባት አንዲት ባለ ምግብ ቤት ጋር ይያያዛል፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ከመነሻው በተፈጨ ሥጋ ነው የሚሠራው፤ በበሬ ወይም በአሳማ። ይህን ቻይና ውስጥ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል። ስለዚህ ወጥ ቤቱ አላታለለም። ማፖ ቶፉ ታዘዘ፣ ማፖ ቶፉ ሠራ። አስተናጋጇም አውቃ አልዋሸችም። ቶፉ ከአኩሪ አተር መሆኑን ሰምታለች፤ ድስቱ ውስጥ ምን እንደሚገባ ግን የነገራት የለም። ከወጥ ቤቱ ጋር የምትነጋገረው በቁጥር ነው፤ «ሰማኒያ ሦስት፣ አንድ!» ብላ ወረቀት ታስገባለች፣ ሰማኒያ ሦስት ይወጣል። ወጥ ቤቱ የሚያውቀውን የሚነግርበት አፍ የለውም፤ አስተናጋጇ የምትናገረውን የምታውቅበት መንገድ የላትም። በሁለቱ መካከል ያለው ግድግዳ የተሠራው ደግሞ በአጋጣሚ አይደለም። ሥልጠና ገንዘብ ያስወጣል። ትርጉም ገንዘብ ያስወጣል። «የጾም ነው» ማለት ግን ነጻ ነው፤ እንዲያውም ረቡዕና ዓርብ ገበያ ያመጣል። የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። ባለቤቱ ማነው ለሚል፣ ካሸሯ ራስ በላይ የተሰቀለውን ንግድ ፈቃድ አንብቤያለሁ፤ የሰፈረው የአገራችን ሰው ስም ነው። ስለዚህ ነገሩን «ቻይናዎች እንዲህ አደረጉን» ብሎ ለመደምደም የቋመጠ አንባቢ ካለ ትንሽ ይታገስ።

እንዲያውም ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። የቻይና ወጥ ቤት ጾምን አያውቅም ማለት ስድብ ነው። የቡድሃ መነኮሳት ሥጋ የማይነካ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት እንኳ የማይገባበት የራሳቸው አበሳሰል አላቸው። ያ ምግብ በቻይንኛ «ሱ» ተብሎ ለብቻው ይጠራል። ቻይና ውስጥ ሁዪ የሚባሉ ሙስሊሞች አሉ፤ የእነሱ ምግብ ቤት በር ላይ «ቺንግጀን» የሚል ጽሑፍ ይለጠፋል። ትርጉሙ የእስልምናን ሥርዓት የጠበቀ ማለት ነው። ከእኛ ሥጋ ቤት ጨረቃ በምን ይለያል? ህንድ ደግሞ ጉዳዩን ሕግ አድርጋዋለች። ህንድ ውስጥ ታሽጎ የሚሸጥ ምግብ ሥጋ ከሌለበት አረንጓዴ፣ ካለበት ቡናማ ምልክት ማሸጊያው ላይ ይታተማል። ማንበብ የማይችል ሰው ቀለሙን አይቶ ያውቃል። (በዚህ አጋጣሚ፣ የህንድ ቤት የምታዘወትሩ ጾመኞች ልብ በሉ። የህንዶቹ አረንጓዴ ሥጋ የለም ማለት እንጂ ጾም ማለት አይደለም። ወተት ይፈቅዳል፤ ቅቤና ፓኒር የሚሉት አይብ በየወጣቸው ይገባል።)

ታዲያ ቻይናም ህንድም እዚያው አገራቸው ለራሳቸው ሰው የሚያደርጉትን፣ እኛም እዚሁ በየሥጋ ቤታችን በር የምናደርገውን፣ ቦሌ ያለው ባለ ፋኖስ ቤት ማን ከለከለው?

ደግሞ ማፖ ቶፉ አንዱ ብቻ ነው። ሩዝ «የተጠበሰ» ከተባለ አብዛኛውን ጊዜ እንቁላል አለው። ቢጫ ኑድል ሲለወስ እንቁላል የሚገባበት ዓይነት አለ። ኮምጠጥ ያለው ትኩስ ሾርባ እንቁላል ተበጥብጦ ይፈስበታል። አትክልቱ የሚቀቀልበት መረቅ የዶሮ ሊሆን ይችላል። ጎመኑን የሚያብረቀርቀው ጥቁር ስጎ ብዙ ጊዜ ኦይስተር ሶስ ነው፤ ኦይስተር ዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር እንስሳ ነው። በጾም ዓሣ እበላለሁ የሚለው ወገን እንኳ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የባሕር ፍጥረት አይነካም። ሙስሊሙ ወገናችን ደግሞ ከአሳማው ሌላ ሻዎሺንግ ስለሚባለው የሩዝ ወይን ይጠይቅ፤ ብዙ ጥብስ ላይ ጠብ ይደረጋል። ዶሮው በማን እንደታረደም መጠየቅ አለ። ይህ ሁሉ ለቻይና ወጥ ቤት ምስጢር አይደለም፤ ሙያው ነው። «ሥጋ የለውም» እና «የጾም ነው» ግን ለየቅል ናቸው፤ ይህን ልዩነት ለወጥ ቤቱ የማስረዳት ሥራ የወጥ ቤቱ ሳይሆን ንግድ ፈቃዱ ላይ ስሙ የሰፈረው ሰው ነው።

ኦርቶዶክሱ ጾመኛ ከዓመቱ ቀናት ግማሽ ያህሉን ይጾማል። ሙስሊሙ ዓመቱን ሙሉ አሳማ አይበላም፤ ክርስቲያኑም አይበላም። ይህ ጥቂት ሰው «ልዩ ጥያቄ» የሚያቀርብበት ጉዳይ አይደለም። ገበያው ራሱ ነው።

ሜኑ ዝም ሲል የሚናገረው ወሬ ነው። በ2009 ዓ.ም. ቢሾፍቱ ላይ ለውጭ ገበያ የአህያ ቄራ ተከፍቶ ሕዝቡ በመቆጣቱ እንደተዘጋ አንረሳውም። የቄራው ሥጋ ለእኛ ጠረጴዛ የታሰበ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ግን ስንቱ ቤት ስንት ስም ወጣለት! አህያ አለ፣ ውሻ አለ፣ ያልተባለ የለም። አብዛኛው የሰነፍ ወሬ ነው። ሌላው ደግሞ ራሱ ያመመው ሁሉ የሚያላክክበት አጂኖሞቶ አለ። አጂኖሞቶን ለዓለም ያስገኘው ኢኬዳ የሚባል ጃፓናዊ ኬሚስት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1908 ከባሕር ቅጠል መረቅ አውጥቶት ነው። ስሙ የጠፋው እ.ኤ.አ. በ1968 አሜሪካ ውስጥ አንድ የሕክምና መጽሔት ላይ በወጣ ደብዳቤ ምክንያት ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገው ምርመራ በምግብ ውስጥ በሚገባው መጠን ያን ሁሉ በሽታ ያመጣል የሚለውን ክስ አላጸናውም። የዚያው ቅመም ዘመድ በበሰለ ቲማቲም ውስጥም፣ በአይብ ውስጥም አለ። ሐቀኛ ነጋዴ ይህን ወሬ የሚያጠፋው በምንድን ነው? ድስቱ ውስጥ ያለውን በመጻፍ ነው። የማይጽፍ ሰው ወሬውን ራሱ እየቀለበ «ስማችን ጠፋ» ብሎ ማልቀስ አይችልም።

ወደ ሒሳቡ እንምጣ። ሜኑው ላይ ያለውን ዋጋ እኔ ራሴ ደምሬዋለሁ፤ 4,200 ብር። ካሸሯ ያመጣችው 5,313 ብር ይላል። 1,113 ብር ከየት መጣ? በአልበሙ የመጨረሻ ገጽ ግርጌ፣ ጉንዳን በምታክል የእንግሊዝኛ ፊደል፣ ዋጋው ቫትና ሰርቪስ ቻርጅ አይጨምርም ተብሏል። መጀመሪያ 10 በመቶ ሰርቪስ ይጨመራል፣ 4,620 ይሆናል። ከዚያ በሰርቪሱም ጭምር ላይ 15 በመቶ ቫት ይታሰባል። ሁለቱ ተባዝተው 26 ብር ተኩል በመቶ ብር ላይ ይወጣል። ማለትም 780 ብር ተብሎ የተጻፈው ቶፉ እውነተኛ ዋጋው 986 ብር ከ70 ሳንቲም ነው። ለምን እንዲህ ተብሎ አይጻፍም? ከጣሊያን የወረስናት ማኪያቶ የምትሸጥ ካፌ እንኳ ቁርጡን ዋጋ ትነግረናለች።

«ቶፉውን እንኳ ቀንሱልን፣ አልተበላም» አልን። «አንዴ ተበስሏል» ተባለ። በነገራችን ላይ ለጾመኛ ሥጋ ካቀረቡ በኋላ ነው ይህን ያሉት። አልተከራከርንም ልበል? ተከራክረናል። አክስቴ «ተወው፣ ገንዘቡ አይደለም» ብለው አስነሱን።

ሰርቪስ ቻርጁን በተመለከተ አስተናጋጇን ለብቻዋ ጠየቅኳት። «ይኼ 10 በመቶ ለእናንተ ይደርሳችኋል?» ፈገግ አለችና ወደ ኋላዋ ዞራ አየች። መልሷ ያ ነው። ከእኛ ጠረጴዛ ብቻ 420 ብር በ«አገልግሎት» ስም ወጥቷል፤ ሮጣ ሮጣ፣ ያልነገሯትን መልስ ለእንግዳ እንድትሰጥ ተደርጋ፣ ስድቡንም ይቅርታውንም የተቀበለችው ግን እሷ ናት። አገልግሎቱን የሰጠው ማን፣ ብሩን የበላው ማን?

ሕግ የለም እንዳይባል ሕግ ወጥቷል። ስለ ንግድ ውድድርና ስለ ሸማቾች ጥበቃ በ2006 ዓ.ም. የታወጀው አዋጅ ቁጥር 813 ሸማች ስለሚገዛው ዕቃና አገልግሎት በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይናገራል። በነጋዴው ዘንድ በትሕትናና በአክብሮት መስተናገድንም ከመብት ቆጥሮታል። ወረቀቱ ያምራል፤ እንደ አልበሙ ፎቶ። ሹማምንቱ ሪቫን ለመቁረጥ ሲጠሩ የማይቀሩበት ቤት የለም። ቫቱ መሰብሰቡን ለማረጋገጥም ተቆጣጣሪ በደንብ ይመጣል፤ የካሽ ሬጅስተር ማሽኑ አንድ ቀን ቢበላሽ ጉድ ይፈላል። ድስቱ ውስጥ ያለው በሜኑው ላይ መጻፉን ለማየት የመጣ ተቆጣጣሪ ግን አላጋጠመኝም። ከምሳችን ላይ መንግሥት ድርሻውን እስከ ሳንቲሙ ወስዷል። ድርሻ ያለው ሰው ደግሞ ሥጋው የምን እንደሆነ ባይጠይቅ ይገርመኛል።

ሁለት ዓይነት ሰዎች ሲመልሱልኝ ከወዲሁ ይሰማኛል። አንዱ «ጾመኛ ከሆንክ ቤትህ ሽሮህን ብላ፤ ቻይና ቤት ምን ወሰደህ?» ይላል። ለዚህ ወንድሜ የምለው፣ ቤቱ ራሱ «የጾም አለን፣ ግቡ» ብሏል፤ ያልነበረ ነገር ሸጦ ገዢውን «ለምን ገዛህ» ማለት የት አገር ነው ያለው? ሌላው ደግሞ ዘመናዊ ነኝ ባይ ነው፤ «በዚህ ዘመን ስለ ቁራጭ ሥጋ ይህን ያህል!» ይላል። ለዚህኛው ሃይማኖት ልሰብክለት አልፈልግም። የኦቾሎኒ አለርጂ ያለበት ልጅ ይዞ አንድ ቀን እዚያ ቤት ይግባ። «ኦቾሎኒ አለው?» ብሎ ይጠይቅ። ከዚያ «የለውም መሰለኝ» ሲባል ያነጋግረኝ።

ባለቤቱ ደግሞ «ሜኑ ማሳተም ውድ ነው» ሊል ይችላል። እውነት ነው፣ ውድ ነው። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. በገበያ እንዲወሰን ከተለቀቀ ወዲህ ያልተወደደ ነገር የለም፤ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ባለ ምግብ ቤቱ ግን ያን ጊዜ ሜኑ አላሳተመም። እኔ ያየሁት አልበም ላይ ዋጋው ሁሉ በትንንሽ ነጭ ስቲከር ተሸፍኗል፤ አንዱን በጥፍሬ ላጥ ባደርገው ከሥሩ ሌላ ስቲከር፣ ከዚያም ሥር ሌላ አለ። ከሁለት መቶ በላይ ምግብ ላይ፣ ሦስት ጊዜ፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ለጥፏል። «ጾም» ሁለት ፊደል ነው፣ «ፍስክ» ሦስት። በአራተኛው ዙር ዋጋ ሲጨምሩ እዚያው ስቲከር ላይ ይበቃል።